የአደራ ንብረትና ሕጉ

አደራ የሚለውን ቃል ከእናቶቻችን አፍ ያልሰማ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 516 ጀምሮ ስለ አደራ ንብረት ይናገራል። እነሆ ምሳሌ፦ አንዲት እናት በኑዛዜዋ፣ «ቤቴን ወንድሜ ይጠብቅ፤ ኪራዩ ለልጄ ትምህርት ይሁን፤ 18 ዓመት ሲሞላት ያስረክባት» ብትል፣ አጎት ቤቱን ያስተዳድራል እንጂ የራሱ አያደርገውም። ከገንዘቡ ጋር ሳይቀላቅል ይይዛል፤ ሒሳብም ያቀርባል። አጎት ዕዳ ቢኖርበትስ? የግል አበዳሪዎቹ ያንን ቤት መንካት አይችሉም፤ የሕጉ ትልቁ ብልሃት፣ በእኔ አስተያየት፣ ይኸው ነው።

ነገር ግን ኑዛዜው በጽሑፍ ይሁን። በሞት አፋፍ ላይ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚደረግ የገንዘብ ስጦታ ለእያንዳንዱ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልምና፣ ቤትን የሚያህል አደራ በቃል ብቻ አይጸናም።