ጨው የምትቀምሺው አንቺ ነሽ

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምሽ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ፊትሽ ይጠቁራል። «የማላምንበትን ሳከብር ሰው የማታልል ይመስለኛል» ትይኛለሽ። አታታልዪም፣ እህቴ። ማታለል የሚጀምረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሳትጾሚ ጾሜያለሁ ካልሽ ማታለል ነው። ለሰው ዓይን ብለሽ ከቆረብሽ ማታለል ነው፤ ቁርባን ለሚያምንበት የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ እማዬ ደስ እንዲላት ብለሽ እንኳ እንዳትነኪው። የቀረው፣ ሽንኩርቱም ዳቦውም ቄጠማውም ጎረቤቱም፣ ያንቺም ነው።

ያደግነው መካኒሳ አቦ ነው። ሰፈሩ በታቦቱ ስም ይጠራል፤ የታክሲ ረዳቱ እንኳ «አቦ! አቦ!» እያለ ነው ሰው የሚጭነው፤ ወር በገባ በ5 መንገዱ በነጠላ ይነጣል። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም እዚሁ መካኒሳ ነው። ጴንጤ ጎረቤቶቻችን ኅዳር 15 የሚገባውን የነቢያት ጾም አይጾሙም፤ ታኅሣሥ 29 ገናን ግን ከእኛ እኩል ያከብራሉ፣ እማዬም ዳቦ ሳትልክላቸው ቀርታ አታውቅም። ከማይጾም ሰው ጋር በዓል መዋል ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ግን ከጎረቤት ይለያል፤ የልጅ ነገር ያማል። ስለዚህ አለማመንሽን ልትነግሪያት ካሰብሽ ተራ ቀን ምረጪ፣ ቡና ላይ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። በዋዜማው አይሆንም።

በዋዜማው፣ በጋድ ዕለት፣ ማድ ቤት ግቢ። እማዬ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ልብ ብለሽ አይተሻት ታውቂያለሽ? ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ታቁላላለች፣ በርበሬው ገብቶ ውኃ ጠብ እየተደረገለት ይበስላል፣ ቅቤው ይከተላል፤ 12 ብልት የወጣላት ዶሮ በሎሚና በጨው ታጥባ ታጥባ ትገባለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዴም አትቀምስም። ጾም ላይ ናት። በቀለሙና በሽታው ነው የምትሠራው፤ የበርበሬውን መብሰል አፍንጫዋ ይነግራታል፣ መከለሻውም መቼ እንደሚገባ ታውቃለች። ጨውን ግን አፍንጫ አይለየውም። ድሮ የጎረቤት ሕፃን እየተጠራ ይቀምስላት ነበር፤ ልጁ አደገና እሱም ጾመኛ ሆነ። እንደማትጾሚ ካወቀች አንቺ ቅመሺላት። ከማማሰያው መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርጊና ላሺ፤ «ጨው ይጎድለዋል» ወይም «ይበቃዋል» በያት። «ጥሩ ነው» ብቻ ብለሽ አትለፊያት፤ እንግዳ ሁሉ የሚበላው ወጥ ነው።

ሌሊት ለቅዳሴ ስትነሳ ሸኚያት። መንገዱ ጨለማ ነው፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ነጠላሽን ልበሺና እስከ ደጀ ሰላሙ አድርሻት፤ መቆም ከፈለግሽ ግቢው ውስጥ ቁሚ፣ የሚያስወጣሽ የለም። ካልፈለግሽ ተመልሰሽ ቤቱን አዘጋጂ። ከሌሊት ቅዳሴ ለሚመለስ ጾመኛ የተጎዘጎዘ ቄጠማና የተዘረጋ ማዕድ መጠበቁ ትልቅ ነገር ነው።

አለማመን መብትሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት ነፃነትን አስፍሯል፤ ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም። አባዬ ድፎውን ሊቆርስ ቆሞ ሲባርክ ግን ክርክር አይነሳም። አብረሽ ቁሚ። «ልጆቼን ጠብቅልኝ፣ ከዓመት ዓመት አድርሰን» ሲል አሜን በይ፤ እየለመነ ያለው ላንቺ ነው። ዘመድ መጥቶ «ቆረብሽ ወይ?» ቢልሽ «አልቆረብኩም» በይውና ቡና ቅጂለት። ማብራሪያ የሚገባው ሰው ካለ ሌላ ቀን ትቀጣጠራላችሁ።

ደግሞ ገና ድሮም በቅዳሴ ብቻ አላለቀም። ከሰዓት በኋላ ወንዶች በጠማማ ዱላ ሩር እየመቱ ሜዳ ላይ ይውሉ ነበር፤ እዚህ አዲስ አበባም ጃን ሜዳ የታወቀ ነው። ጨዋታው እረኞች ልደቱን ሰምተው ከተደሰቱት ደስታ መጣ ይባላል። ሜዳው ላይ ግን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ ነበር፤ ጌታውም ቢመታ አይቆጣም። ስንት ቀን ጾምክ የሚል ጥያቄም አልነበረም።

«ሃይማኖት የሌለበት ገና ይኸው» ብለሽ አምና ታኅሣሥ 16፣ በፈረንጆቹ ቀን፣ የፕላስቲክ ዛፍ አብርተሽ ነበር። አብሪው፣ ክፋት የለውም። ግን በዚያ ቀን ደጅሽን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። እኔ የምሳሳልሽ ለዚህ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ብቻሽን ከገባሽ ወዲህ ከጎረቤት ጋር የሚያገናኝሽ በዓል ነው፤ ዕድርም አልገባሽም።

ስለዚህ በብሎክሽ ቅርጫ ስምሽን አስጽፊ። ገንዘቡን በሬው ከመገዛቱ በፊት ስጪ፤ አንድ ሰው ሲዘገይ የሁሉም በዓል ይታወካል። ሲከፋፈል ውረጂና እዪ። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም ለየመደቡ ይደርሳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ጠጠር ወይም ቁልፍ ወይም ስንጥር ይሰጥና ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ልጅ በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ኃላፊውም ዘበኛውም በወጣለት ዕጣ ይሄዳል። ሥጋሽን ተቀብለሽ በር ዘግተሽ አትተኚ፣ ቡና አፍዪና ጥሪያቸው።

ፊት ለፊትሽ ላለችው ሙስሊም እህት ወጥ እንዳትልኪ። ድፎ ላኪላት፣ ለቡናው ጥሪያት፤ ኢድ ላይ ስትጠራሽም አትቅሪ። ድፎውን እኔ መጥቼ እጋግርልሻለሁ። ኮባውን ግን ከአሁኑ ግዢ፣ ዋዜማው ላይ ዋጋው አይቀመስም።