አሮጌ ፒክአፕ ማደስ ከየት ይጀመራል?

የሙያ ትምህርት ገጽ



ለሕክምና ወይም ለሌላ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ሜኔሊክ አደባባይን ያውቀዋል። መንግሥት የሰጠው ስም «የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ» የሚል ነው። ይህም ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነጻ የወጣችበት ዕለት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰዉ ግን ዛሬም በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራዋል። በነጫጮቹ ባለ ቅስት ሕንጻዎች ጥላ ሥር ቆማችሁ መንገዱን ብታስተውሉ፣ ከአዳዲሶቹ መኪናዎች መካከል ዕድሜ የጠገበ ፒክአፕ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ቀለሙ ተልጧል፣ የበሩ የታችኛው ጠርዝ በዝገት ተበልቷል፣ ሞተሩ ግን ይሠራል። የሚንከባከበው ሰው አለ ማለት ነው። የዛሬው ትምህርታችን እንዲህ ያለውን መኪና ቀስ በቀስ ማደስ እንዴት እንደሚጀመር ያስረዳል።

ስለ አጀማመሩ ብቻ ለምን እንናገራለን? ብዙ አሮጌ መኪና የሚጠፋው በአጀማመር ስሕተት ስለሆነ ነው። ባለቤቱ በጉጉት ተነሥቶ በአንድ ሳምንት ሁሉንም ይፈታታል። ከዚያ ገንዘቡ ያልቃል፤ የትኛው ቡሎን ከየት እንደ ወጣ ይጠፋዋል። መኪና የነበረው የብረት ክምር ሆኖ ይቀራል፤ የቤተሰቡም ገንዘብ አብሮ ይቀራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ የትምህርቱ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ፍቱ፤ እርሱን መልሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትንኩ።

ለምሳሌ የምንወስደው መኪና

ለምሳሌ ቶዮታ ላንድክሩዘርን እንውሰድ። የዘር ሐረጉ ከ1951 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። «40» የተባለው ትውልድ በጃፓን ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን፣ ከኋላ መጫኛ ያለው ፒክአፕም በዚሁ ትውልድ ውስጥ ይገኛል። ይህ መኪና ለተማሪ ይመቻል። አካሉ በሻንሲ ላይ በቡሎን የታሰረ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ነው፤ ኮምፒዩተር የለበትም። ስለዚህ አብዛኛውን ጉዳት በዓይን አይቶ በእጅ መጠገን ይቻላል። መለዋወጫውም ጨርሶ አልጠፋም። ቶዮታ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ትውልድ አንዳንድ ዕቃዎችን እንደገና እንደሚሠራ አስታውቋል።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ከአየር ኦክሲጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይዝጋል። ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይቀረፋል፤ ሲቀረፍም ከሥሩ ያለውን ደህና ብረት ለአየር ያጋልጣል። በዚህ ላይ ጨው ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ሜኔሊክ አደባባይ ከባሕሩ ብዙም አይርቅም፤ ከባሕር የሚመጣውም እርጥብ አየር ጨው ይዞ ይመጣል። የባሕር ዳር መኪና ከደጋ አገር መኪና ቀድሞ የሚበላው ስለዚህ ነው።

አምስቱ ደረጃዎች

1ኛ/ መመልከትና መጻፍ። ከመፍታታችሁ በፊት ደብተር ያዙ። ከፊት እስከ ኋላ እየዞራችሁ የተሰበረውን፣ የጎደለውን፣ የሚያፈሰውን ጻፉ። በመኪናው ሥር ሻንሲውን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ፈትሹ። ጫፉ ከገባ ብረቱ አልቋል። የበሰበሰ በር ይለወጣል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን ብዙ ወጪና ጥሩ በያጅ ይጠይቃል። መኪናው ገና ያልተገዛ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻንሲውን አይታችሁ፣ በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ሊብሬ በጅቡቲ «ካርት ግሪዝ» ይባላል። ወረቀት የሌለው መኪና ቢታደስም በሕግ መንገድ ላይ አይወጣም።

2ኛ/ ጉዳቱን ማቆም። ጭቃውንና ጨውን በጨው አልባ ውሃ እጠቡ። ውሃ በሚወደድበት ቦታ ባልዲና ጨርቅ ይበቃል። በበሮቹ ግርጌ ያሉት ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ክፈቷቸው። ሲደርቅ ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ፈግፍጋችሁ በዚያው ቀን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። ዋናው ቀለም መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

3ኛ/ ከሞተር በፊት ፍሬን። ብዙዎች መጀመሪያ የሞተር ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ። ነገር ግን መቆም የማይችል መኪና መንቀሳቀስ የለበትም። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያም ቱቦዎችን ከውስጥ ያዝጋል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ለውጡ። የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ የጎማ ቱቦ ካለ እርሱንም ለውጡ።

4ኛ/ ሞተሩን በእጅ ማዞር። ለዓመታት የቆመ ሞተር ወዲያውኑ በባትሪ አይነሣም። የባትሪውን ገመድ ፍቱ፤ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ሞተሩ የቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹን፣ የናፍጣ ከሆነ ኖዝሎቹን አውጥታችሁ በየሲሊንደሩ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። በማግስቱ በቁልፍ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። እንቢ ካለ አታስገድዱት፤ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና አሳድሩት። የዘጋ ቡሎንም እንዲሁ ነው፤ ዘይት፣ ትዕግሥትና ቀላል የመዶሻ መታ መታ ያስፈልገዋል። ጉልበት ብቻ ይበጥሰዋል።

5ኛ/ አንድ ክፍል መርጦ መጨረስ። ለምሳሌ አንዱን የፊት ጎማ ፍሬን ውሰዱ። ስትፈቱ ሥዕሉን በደብተር ሳሉ። ቡሎንና ዳዶውን በአንድ ጣሳ አድርጋችሁ ጣሳው ላይ ስሙን ጻፉበት። አጽዱ፣ ለውጡ፣ ግጠሙ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጎማ እለፉ፤ የተሳሳታችሁበት ቢኖር ያልተፈታው ወገን አርአያ ይሆናችኋል።

ጥንቃቄ!

ሀ/ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ። ጠንካራ ማቆሚያ ይደረግለት፤ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎችም በድንጋይ ይታገዱ።

ለ/ ባዶ የነዳጅ ታንከር አጠገብ እሳትም ሆነ ብየዳ አይቅረብ። ባዶው ታንከር በጋዝ የተሞላ ስለሆነ ይፈነዳል።

ሐ/ በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ፣ በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለ ብረት ሊኖር ይችላል። ሁለቱም በአቧራቸው ይጎዳሉ። አቧራውን በአፍ አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሕፃናት አይጠጉ።

የጋራዥ ቋንቋ

አብዛኛዎቹ የመኪና ቃላቶቻችን ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በጅቡቲ ጋራዥ ግን የምትሰሙት ፈረንሳይኛውን ነው። ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ወጣት ሁለቱንም ቢያውቅ ይጠቀማል፦

ፍሬን — ፍራን
ጎማ — ፕኖ
ዳዶ — ኤክሩ
ቡሎን — ቡሎን
ካቻቢቴ — ቱርንቪስ
ካንዴላ — ቡዢ
ፍሪሲዮን — አምብራያዥ
ካምቢዮ — ቧት ደ ቪቴስ

ለወላጆች

«መኪና የሌለው ልጅ ይህን ተምሮ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ደረጃዎቹ ለብስክሌት፣ ለልብስ ስፌት መኪና፣ ለወፍጮና ለውሃ ፓምፕም ያገለግላሉ። ልጃችሁ የቆመ ብስክሌት ካገኘ አንድ ደብተርና አንድ ጣሳ ስጡት። ዛሬ ፔዳሉን ፈትቶ መልሶ ከገጠመ ነገ ሌላውን ይቀጥላል። ነገ የት እንደምንሆን አናውቅም፤ በእጅ ያለ ሙያ ግን ኬላ አያስቀረውም፣ በጉዞም አይከብድም።

ጥያቄዎች

1/ የመኪና በር ከታች በኩል ቀድሞ የሚዝገው ለምንድን ነው?

2/ የምሳሌያችን ፒክአፕ በእያንዳንዱ ጎማ 6 ዳዶ አለው። የአራቱ ጎማዎች ዳዶ ስንት ይሆናል? ከነዚህ 3ቱ በመጀመሪያው ቀን አልፈታ ቢሉ ከጠቅላላው ስንት እጅ ናቸው?

3/ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ1 የአሜሪካ ዶላር 177.721 ሆኖ ተወስኗል። 40 ዶላር የሚያወጣ የፍሬን ዕቃ በፍራንክ ስንት ነው?

መልስ፦ 1/ መውጫ ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው እዚያ ስለሚጠራቀም። 2/ 24፤ አንድ ስምንተኛ። 3/ ወደ 7,109 ፍራንክ።