ተራራ የሚወጣው ለመውረድ ነው

 

የዛሬው ትምህርታችን ልቡ ለተሰበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ከልደታ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ጥቁር አንበሳና ባልቻ ሆስፒታል እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ናቸው፤ ከበራቸው በየቀኑ ዓይኑ ያበጠ ቤተሰብ ይወጣል። ልደታ ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ስንተኛ ቀጠሮው እንደሆነ የጠፋበት ሰው ተቀምጧል። አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበትኖበት፣ "ቡና ጠጡ" የሚለው ሰው ጠፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን የቀረም አለ። እነዚህን ሰዎች ስናገኛቸው "ሰብር አድርጉ" እንላለን። መልካም ብለናል። ግን ሰብር እንዴት ነው የሚደረገው?

ብዙዎቻችን ሰብር ሲባል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይመስለናል። እናታችን ሃጀርን (ዐ.ሰ) አስታውሱ። ሰው በሌለበት ሸለቆ፣ ውኃ አልቆ፣ ሕፃኑ ኢስማዒል (ዐ.ሰ) በጥም ሲንፈራገጥ ሶፋ ላይ ወጡ፤ ማንም አልታያቸውም። ወረዱ፣ ሮጡ፣ መርዋ ላይ ወጡ። ሰባት ጊዜ ተመላለሱ። ዛሬ ሑጃጆች ያንኑ መንገድ ሲሄዱት በጠቅላላው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አስተውሉ! ዘምዘም የፈለቀው ከሁለቱ ኮረብቶች አናት ላይ አልነበረም። ታች፣ ልጃቸው ዘንድ ነበር። መውጣቱ ግን ከንቱ አልቀረም፤ እስከ ቂያማ ዒባዳ ሆኖ ቀረ።

ይህን ይዘን ወደ ራሳችን ተራራ እንምጣ። ልደታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በፒያሳ አድርጋችሁ ሽሮ ሜዳ ከደረሳችሁ በኋላ ቀሪውን በእግር መውጣት ይቻላል።

ዳገቱን እንደጀመራችሁ ትንፋሽ ያጥራል፤ ልብ ይመታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። እንጦጦ አናት ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። ሰውነታችን ግን አላህ የሰጠው ጥበብ አለው። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ልብም ፈጥኖ ይመታል። ከፍታው ላይ ለቀናት ከቆየን ደግሞ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴሎችን ያመርታል። ሱብሓነላህ!

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል። 4,500 ሜትር የሚያልፈውን ራስ ዳሸንን የሚወጡ ሰዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ ከ3,000 ሜትር በኋላ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አያደርጉም። የቸኮለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያዞረዋል። ሕመሙ ሲጠና ዋናው መድኃኒት ምንድን ነው? መውረድ!

ሐዘንም እንዲሁ ነው። የሞተበትን ሰው "አርባው ወጣ እኮ፣ እስካሁን ታለቅሳለህ?" አትበሉት። እናንተም ራሳችሁን አታጣድፉ። ዳገት ላይ ጎበዝ የሚባለው ሳያቋርጥ እያወራ መራመድ የሚችለው ነው። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነውና ቀንሱ።

እንጦጦ መንገድ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚመጡ እናቶችን ታገኛላችሁ። እነሱ ተራራ የሚወጡት ለልጆቻቸው እንጀራ ነው። ሲደክማቸው ሸክማቸውን ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም ግንብ ላይ አስደግፈው ቆመው ያርፋሉ። መሬት ካወረዱት ብቻቸውን መልሰው ማንሳት ይከብዳቸዋልና። ሰላም በሏቸው፣ መንገድ ልቀቁላቸው፤ እግረ መንገዳችሁንም ተማሩ። ሸክሙ ገና ከጀርባችሁ ሳይወርድም ማረፍ ይቻላል። ዕዳው ሳይከፈል፣ ፍርዱ ሳይሰጥ፣ ሕመሙ ሳይለቅ አንድ ጠዋት ተደግፎ ማረፍ ድክመት አይደለም።

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ህንዳዊቷ አሩኒማ ሲንሃ የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2011 ዘራፊዎች ከሚሄድ ባቡር ወርውረው ጣሏትና ግራ እግሯ ተቆረጠ። ገና በሕክምና ላይ ሳለች ኤቨረስትን ለመውጣት ወሰነች። ከዚያም ብቻዋን አልተነሣችም፤ በ1984 ኤቨረስትን በመውጣት የመጀመሪያዋ ህንዳዊት የሆነችውን ባቼንድሪ ፓልን ፈልጋ አገኘች፤ በእሷ ሥር ሠለጠነች። በ2013 በሰው ሠራሽ እግር የዓለምን ጫፍ ረግጣ በሰላም ወረደች። እግሯ ተመልሶ አልበቀለም። እሷ ግን ከጎደለው ጋር መራመድን ተማረች። መንገዱን ቀድሞ የሄደ ሰው መፈለጓን ልብ በሉ።

አሁን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ610 ገደማ ሒራ ዋሻ ውስጥ ብቻቸውን ሳሉ ወሕይ መጣላቸው። ከተራራው ሲወርዱ እየተንቀጠቀጡ ነበር። ወዴት ሄዱ? ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ)። እሳቸውም አለበሷቸው፣ አረጋጓቸው፣ መልካም ሥራቸውን እየጠሩ አጽናኗቸው። ከዚያም ዕውቀት ወዳለው ዘመዳቸው፣ ወደ ወረቃ ኢብኑ ነውፈል ወሰዷቸው። በመጀመሪያ ያቀፋቸው ሰው፣ ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው!

ለዚህ ነው ተራራ የሚወጣው ለመውረድ ነው ያልነው። ከከተማው ጫጫታ መራቅ፣ ላብ ማላብ፣ ዓይንን እግር ላይ ማድረግ የሚመላለስብንን ሐሳብ ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል። አዘውትሮ መንቀሳቀስ ድብርትን እንደሚያቀልና ለእንቅልፍ እንደሚረዳም ሐኪሞች ይናገራሉ። ሐዘኑ ግን ቤት ይጠብቀናል። ተራራው የሰጠን ጉልበት ወደ ሰው ካልመለሰን ሽሽት ይሆናል።

ለመሞከር ላሰባችሁ ጥቂት ምክር፦

አንደኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ጅብም ቀማኛም አለና ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ከሱብሒ በኋላ ሲነጋ ውጡ። ሐዘንተኛ ጓደኛ ካላችሁ "እንሂድ?" ብሎ መጠየቅ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ውኃና የሚሞቅ ልብስ ያዙ። የምትመለሱበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ሰዓቱ ከደረሰ ጫፉ ቢታያችሁም ተመለሱ። በክረምት መብረቅ ከጀመረ አትከራከሩ፣ ውረዱ። ጁምዓ ቀን ከሆነ ለሶላት የሚያደርስ ጊዜ ተዉ።

ሦስተኛ፣ ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ሶሐቦች ሽቅብ ሲወጡ ተክቢር፣ ቁልቁል ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ ነበር። እናንተም በሉ። ቁልቁለት ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል፤ ጉልበት የሚከዳው፣ እግር የሚንሸራተተውም ያኔ ነው። ከሐዘን ያገገመ ሰውም "ድኛለሁ" ብሎ መድኃኒቱን፣ ጓደኞቹንና ዚክሩን በአንዴ ሲተው ይወድቃል።

አራተኛ፣ የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የጉልበት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ተራራ መውጣት የማይችል በሰፈሩ ሜዳ ላይ ከጓደኛው ጋር ይራመድ፤ አጅሩም ጥቅሙም አይቀርበትም።

አምስተኛ፣ እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ "ብሞት ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ተራራ ብቻውን አይበቃም። ይህ የኢማን ማነስ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ወደ አማኑኤል ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ከጁምዓ ስትወጡ ሰሞኑን ዝም ያለ፣ ከሶፉ የጠፋ አንድ ሰው አስቡ። ስልክ ደውሉለት። የእሁድ ጠዋት ቀጠሮ ያዙ። ስትመለሱም ቤታችሁ አስገብታችሁ ቡና አጠጡት።

አላህ የተሰበረውን ልባችንን ይጠግንልን፣ የሞቱብንን ይማርልን፣ የታመሙብንን ያሽርልን። ዳገቱን ያግራልን፣ ቁልቁለቱንም በሰላም ያውርደን። አሚን።