ሕፃናት ሲተርፉ የሕዝብ ቁጥር ምን ይሆናል?

ባለፈው ሳምንት መምህራችን «ሕፃናት እንዳይሞቱ ካደረግን የሕዝብ ብዛት አይጨምርም ወይ?» ብለው ጠየቁን። እኔም እጄን አውጥቼ «ይጨምራል» አልኩ። ለካ ግማሹን ብቻ ነው የመለስኩት!

ማታ አያቴን ጠየቅኋት። 9 ልጆች ወልዳ 4ቱ በኩፍኝና በተቅማጥ ሞተውባታል። «ስንቱ እንደሚተርፍልኝ ሳላውቅ መውለዱን እንዴት ልተው?» አለችኝ። እናቴ ግን የወለደችው 3 ብቻ ነው። ሦስታችንም ተከትበናል፤ ሦስታችንም አለን።

በአገራችንም እንዲሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ክትባት፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተምራሉ። በ2008 ዓ.ም. የሟቾቹ ቁጥር ወደ 67 ወረደ። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆችም ከ5 በላይ የነበሩት 4.6 ሆኑ።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን አሁንም ይጨምራል? ሞት ቶሎ ይቀንሳል፤ የሰው ልማድ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። የተረፉት ልጆችም አድገው በተራቸው ይወልዳሉ። እድገቱ የሚረግበው ወላጆች «ልጄ ያድግልኛል» ብለው ሲያምኑ፣ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ሲያገኙና ሴት ልጆች ሲማሩ ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። እኔ ግን በክትባትም ያድጋል እላለሁ! ዛሬ ቤት ስትገቡ የታናናሾቻችሁን የክትባት ካርድ እዩ፤ የቀረ ካለ ለወላጆቻችሁ ንገሩ።