የአለባበስ ፍቅር እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ አለባበስ እወዳለሁ። ሠርግ ሲደርስ ዘመድ ጓደኛው የሚያማክረው እኔን ነው። ይህን ዝንባሌ መተዳደሪያዬ ላደርገው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን ደንበኛ የሚከፍለው የእርስዎን ምርጫ ለማድነቅ ሳይሆን የራሱን ችግር ለመፍታት ነው። ራስን ማሳመር የራስን ቁመናና ኪስ ማወቅ ብቻ ይበቃዋል፤ ሙያው ግን የሌላውን ሰው ልክ፣ በጀትና ቀጠሮ ማክበር ይጠይቃል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትመሠርት መነሻዋ የራሷ አለባበስ አልነበረም፤ ገበያ የቀዘቀዘባቸው የአገር ቤት ሸማኔዎች ነበሩ። የእጅ ሥራቸውን የውጭ ገዢ ዘወትር ሊለብሰው በሚችል ልብስ አቀረበችው።

«እሷማ ዝና ነበራት» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዝና በር ይከፍታል። ማማከር ግን ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ካሉ የባህል ልብስ ነጋዴዎችና ከአንድ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ጋር መግባባት ለጅምር ይበቃል። «ትምህርት ተሰጥዖን ያደበዝዛል» የሚለውም አያስኬድም፤ ልክ አወሳሰድን፣ የጨርቅ ጠባይንና የዋጋ ስሌትን የማያውቅ ዓይን ውበትን ቢለይም ሥራውን በቀኑ አያስረክብም። ስለዚህ አሁን ያለዎትን ሥራ ሳይለቁ ለሚቀጥለው ሠርግ ምክርዎን በክፍያ ያቅርቡ። የከፈለዎት ሰው ሌላ ደንበኛ ይዞ ከመጣ ሙያ ጀምረዋል።