በጀልባ ይኖሩ ስለ ነበሩ ሰዎችና ስለ ልጆቻቸው

ሰው ቤቱን ከድንጋይ ወይም ከእንጨት በምድር ላይ ይሠራል። ነገር ግን ቤታቸው ጀልባ፥ ደጃቸውም ውኃ የሆነ ሰዎች በዓለም ላይ በብዙ ስፍራ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከእነዚህ መካከል በእንግሊዝ አገር በቦይ ላይ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ታሪክ ለሚማር ልጅ ብዙ ምክር አለው። በዚህ ትምህርት ውስጥ የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ስለ ቦዩ አሠራር

ቀድሞ በእንግሊዝ አገር መንገዱ ክፉ ነበር። ዝናም በዘነመ ጊዜ ጋሪ በጭቃ ይያዛል፤ ዕቃም በፈረስ ጀርባ እየተጫነ ይሄድ ነበር። አንድ ፈረስ በጀርባው የሚሸከመው ግን ከ1 ኩንታል ብዙ አይበልጥም። የብሪጅዋተር መስፍን ፍራንሲስ ኤጀርተን ዎርስሊ በሚባል ስፍራ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ጕድጓድ ነበረው። ከሰሉን ወደ ማንቸስተር ከተማ ለማድረስ ብዙ ገንዘብ ስለ ፈጀበት፥ ጄምስ ብሪንድሊ የተባለውን ብልህ ሠራተኛ ጠርቶ ጀልባ የሚሄድበት ረጅም ቦይ እንዲያስቈፍርለት አዘዘው።

ብሪንድሊ በትምህርት ቤት ብዙ አልቈየም፤ መጻፍም የሚችለው በጭንቅ ነበር። ሥራው ሲከብደው ዘዴውን እስኪያገኝ ድረስ በአልጋው ተኝቶ ያስብ ነበር ይባላል። የቦዩ ውኃ ወደ መሬት ሰርጎ እንዳይጠፋም ጭቃ በውኃ እያስቦካ ወለሉንና ግድግዳውን አስመረገው። ቦዩ ከኢርዌል ወንዝ በደረሰ ጊዜ በወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሠርቶ የቦዩን ውኃ በድልድዩ ላይ አሳለፈው። ይህም በ1761 ተፈጸመ። አንድ ጀልባ ከላይ፥ ሌላ ጀልባ ከታች ሲሄድ ያየ ሰው ሁሉ እጅግ ተደነቀ። ከሰሉ በውኃ መንገድ ወደ ማንቸስተር በገባ ጊዜ ዋጋው በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ድኻውም በብርድ ወራት የሚሞቀው እሳት አገኘ።

ከዚህ በኋላ በአገሩ ሁሉ ብዙ ቦይ ተቈፈረ። ከቦዮቹ አያሌዎቹ ጠባቦች ስለ ነበሩ ጀልባው ርዝመቱ 21 ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ከ2 ሜትር የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። በጀርባው 1 ኩንታል ብቻ ይሸከም የነበረው ፈረስ፥ በቦዩ ዳር እየሄደ ይህን ጀልባ በገመድ ሲስብ 250 ኩንታል ያህል ያጓጕዝ ነበር። በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ሸክም ለሚስበው ይቀላልና።

ውኃ ሽቅብ አይሄድም። ስለዚህ ቦዩ ከኮረብታ ሲደርስ ሁለት ታላላቅ የእንጨት በሮች ይሠሩለታል። ጀልባው በሁለቱ በሮች መካከል ይገባና የታችኛው በር ይዘጋል። ከዚያም ከላይ ውኃ ሲለቀቅበት ውኃው ይሞላል፥ ጀልባውም ከውኃው ጋር ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ የላይኛው በር ተከፍቶ ጀልባው መንገዱን ይቀጥላል። እንዲህ እያለ ሰው ደረጃ እንደሚወጣ ጀልባ ኮረብታን ይወጣል።

ቦዩ በተራራ ውስጥ በዋሻ የሚያልፍበትም ስፍራ ነበር። በብዙዎቹ ዋሻዎች ውስጥ ለፈረስ መንገድ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ ልጅ ፈረሱን ፈትቶ በተራራው ላይ ይነዳዋል። ሰዎቹ ግን በጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው፥ በጨለማ የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየረገጡ ጀልባውን ወደ ፊት ይገፉት ነበር።

ቤተ ሰቡ ወደ ጀልባ ስለ መግባቱ

በመጀመሪያ ከጀልበኞቹ ብዙዎቹ በመንደር ቤት ነበራቸው፤ ሚስትና ልጆችም በዚያ ይቀመጡ ነበር። ነገር ግን በ1830 በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የምድር ባቡር ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የባቡር ሐዲድ በአገሩ ሁሉ ተዘረጋ። ባቡር ከፈረስ ይልቅ ፈጣን ስለ ሆነ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ለባቡር ሰጡ። የጀልባ ባለቤቶች ሥራው ጨርሶ እንዳይጠፋባቸው የጭነቱን ዋጋ ዝቅ አደረጉ፤ የጀልበኛውም ገቢ አብሮ አነሰ። ጀልበኛውም ለቤት ኪራይና ለረዳቱ የሚከፍለውን ገንዘብ አጣ። ስለዚህ ቤቱን ለቅቆ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ጀልባው አስገባ። ሚስቱ ረዳቱ ሆነች፤ ልጆቹም ሠራተኞች ሆኑ።

ጀልባው ረጅም ቢሆንም ስፍራው ሁሉ የጭነት ነበር። ለሰው የተተወችው በስተኋላ ያለች ርዝመቷ 3 ሜትር፥ ወርዷ 2 ሜትር ያህል የሆነች አንዲት ክፍል ነበረች። በዚህች ክፍል አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ይበሉ፥ ይተኙ፥ ይታመሙ፥ ይወልዱም ነበር። ትንሽ የብረት ምድጃ በደጁ አጠገብ ትቆማለች። የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ወደ ታች ሲወርድ ገበታ ይሆናል። ቀን የሚታጠፈው አልጋም ማታ ይዘረጋል። እንዲህ ባለች ጠባብ ቤት አንድ ዕቃ ከስፍራው ቢታጣ የሁሉ ሥራ ይሰናከላል። ስለዚህ የጀልባ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ያነሣውን ዕቃ ወደ ስፍራው መመለስን ይማር ነበር።

ሰዎቹ ድኾች ቢሆኑም ቤታቸውን ያከብሩ ነበር። በደጁና በውኃ መቅጃው ላይ ጽጌረዳና ግንብ በቀይ፥ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም ያስስሉ ነበር። የናሱን ጌጥ እስኪያበራ ይወለውሉታል፤ በግድግዳው ላይም ዳንቴል ይሰቅላሉ። በዳር ቆሞ የሚያያቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይንቃቸው ነበር፤ ቤታቸውን ሳይገባና ሳያይ ቆሻሾች ናቸው ይል ነበር።

ስለ ዕለት ሥራቸው

የጀልበኛ ክፍያ በቀን ቍጥር ሳይሆን ባደረሰው ጭነት መጠን ነበር። ስለዚህ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ከመሸ በኋላም ይጓዛሉ። እናት በአንድ እጇ የመሪውን እንጨት ይዛ በሌላው እጇ ምግብ ታሰናዳለች። አንዱ ልጅ ከፈረሱ ጋር በዝናምና በበረዶ ይሄዳል። ሌላው ወደ ፊት ሮጦ የውኃውን በር ይከፍታል። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ወደ ውኃ እንዳይወድቅ በጀልባው ጣራ ላይ ከጭስ መውጫው ጋር በገመድ ይታሰር ነበር። በዚህ ጥንቃቄ ቢጠብቋቸውም ከልጆቹ በውኃ የሰጠሙ፥ በበሮቹም መካከል የተጐዱ ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳት ግን በዓይን የማይታይ ነበር። ጀልባው ዛሬ በዚህ፥ ነገ በዚያ ስለሚያድር ልጆቹ ትምህርት ቤት አይገቡም። አባታቸው ማንበብ አያውቅም፤ እነርሱም ሳያውቁ ያድጋሉ። ደብዳቤ ቢመጣላቸው የውኃውን በር ጠባቂ ወይም ባለ ሱቁን ለምነው ያስነብቡ ነበር። በጭነት ወረቀት ላይ ፈርሙ በተባሉ ጊዜ ስማቸውን መጻፍ ስለማይችሉ የመስቀል ምልክት ብቻ ያደርጉ ነበር። በወረቀቱ ላይ ምን እንደ ተጻፈ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። የቦዩን መታጠፊያ ሁሉ በልቡ የያዘ ሰው የገዛ ስሙን ሲያይ አያውቀውም ነበር።

ስለ ጆርጅ ስሚዝ

በ1831 ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ በሸክላ ጡብ ፋብሪካ ከባድ ጭቃ በራሱ እየተሸከመ ይሠራ ነበር። ካደገም በኋላ በኮልቪል የጡብ ሥራ አስተዳዳሪ ሆነ። ብዙ ሰው ከመከራ ሲወጣ መከራውን ይረሳል። ስሚዝ ግን አልረሳም፤ እንደ እርሱ ጭቃ ስለሚሸከሙ ሕፃናት ጻፈ፥ ተናገረም። በ1871 የእንግሊዝ ፓርላማ 10 ዓመት ያልሞላቸው ወንዶችና 16 ዓመት ያልሞላቸው ሴቶች ልጆች በጡብ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ከለከለ። ስሚዝ ግን በዚህ ምክንያት ሥራውን አጥቶ ወደ ድህነት ወረደ።

ቢሆንም አላቆመም። በቦዩ ዳር እየዞረ የጀልባ ልጆችን ኑሮ መረመረ፤ በ1875ም ስለ እነርሱ መጽሐፍ አሳተመ። በ1877 ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ሰው የሚኖርበት የቦይ ጀልባ ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ስንት ሰው ሊያድርበት እንደሚገባ ይወሰናል፤ ሹማምንትም ገብተው ንጽሕናውን ይመረምራሉ። ልጆቹም ጀልባው በተመዘገበበት ከተማ እንደሚኖሩ ተቈጥረው እንዲማሩ ታዘዘ። ሕጉ ደካማ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1884 ተሻሽሎ ጸና። ስሚዝም በ1895 ሞተ።

ነገር ግን ስሚዝ አንድ ጉድለት ነበረበት። የጥቂቶቹን ስካርና ቆሻሻ የሁሉ አስመስሎ ስለ ጻፈ፥ ቤታቸውን በንጽሕና የሚይዙ ብዙ ጀልበኞች አዘኑበት። ሰውን የሚረዳ ሰው የሚረዳውን ሰው ክብር ሊጠብቅ ይገባዋል። እጅ እየሰጡ በአፍ ማዋረድ ስጦታውን ያመርራልና።

ትምህርት ቤት ወደ ውኃ ስለ መምጣቱ

ሕግ ቢጻፍም ጀልባው መሄዱን አልተወም። ልጁ ሰኞ በአንድ ከተማ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ማክሰኞ ጀልባው ይነሣል። በሌላው ከተማ መምህሩ ስለማያውቀው እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ያስጀምረዋል። እንዲህ እየሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ሳያልፍ ያደገ ልጅ ብዙ ነበር። የከተማም ልጆች በልብሱና በአነጋገሩ ይስቁበት ነበር።

በመጨረሻ ሰዎች የተሻለ ነገር አሰቡ። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ይሂድ አሉ። በ1930 ለንደን አጠገብ በዌስት ድሬይተን አንድ አሮጌ ጀልባ የጀልባ ልጆች ትምህርት ቤት ሆነ። ወላጆቻቸው ጭነት እስኪያገኙ ድረስ በሚጠብቁባቸው ቀናት ልጆቹ በዚያ ተቀምጠው ያነቡና ይጽፉ ነበር። ሁሉም ከጀልባ የመጡ ስለ ሆኑ በዚያ በሌላው ላይ የሚስቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው

ዘመን ሲለወጥ በፈረሱ ፈንታ ሞተር ገባ፤ አንዱም ባለ ሞተር ጀልባ ሌላውን ይጎትት ጀመር። ነገር ግን የጭነት መኪና በመንገድ ላይ ከበዛ ወዲህ የቦዩ ሥራ እየከሳ ሄደ። በ1948 አብዛኞቹ ቦዮች የመንግሥት ሆኑ። በ1962 መጨረሻና በ1963 መጀመሪያ ብርዱ እጅግ ጸንቶ ቦዮቹ ለብዙ ሳምንታት በረዶ ሆኑ፤ ጀልባዎችም ከቆሙበት መንቀሳቀስ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ብዙ ነጋዴ ወደ ቦዩ አልተመለሰም። በ1970 ከአዘርስተን ወደ ለንደን አቅራቢያ ወደሚገኝ የማርማላታ ፋብሪካ የድንጋይ ከሰል ያመላልሱ የነበሩት ጀልባዎች ሥራቸው ቆመ። በዚህም ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚሠራበት የረጅም መንገድ የጭነት ኑሮ ተፈጸመ።

ዛሬም በእነዚያ ቦዮች ላይ የሚኖሩ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ የውኃውን ጸጥታ ወድደው፥ ሌሎቹም በከተማ የቤት ኪራይ ስለ ከበዳቸው ነው። የቀድሞዎቹ ጀልበኞች የልጅ ልጆች ግን ብዙዎቹ በምድር ላይ ይኖራሉ፤ ያነባሉ፥ ይጽፋሉም።

ምክር

ልጆች ሆይ፥ የጀልባ ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። በጎሕ ተነሥተው እስከ ማታ ይሠሩ ነበር፤ ወላጆቻቸውንም ይረዱ ነበር። የጐደላቸው ትጋት ሳይሆን መማሪያ ስፍራና ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ቀርቦለት የሚተኛ ልጅ ይህን ያስብ። ደግሞም የተጨነቀ ሰው ያየ ሁሉ፥ እንደ ስሚዝ ያለፈውን መከራውን አይርሳ፤ በልብሱና በቤቱ ጠባብነትም ማንንም አይናቅ። ፊደል የተማረ ልጅ ማንበብ ለማይችለው ሽማግሌ ደብዳቤውን በትሕትና ያንብብለት። የተማረው ለራሱ ብቻ አይደለምና።

ጥያቄ

1. የብሪጅዋተር መስፍን ቦይ ለምን አስቈፈረ?
2. ጀልባ ኮረብታን የሚወጣው እንዴት ነው?
3. ጀልበኞች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ወደ ጀልባ ያስገቡት በምን ምክንያት ነው?
4. የ1877ቱ ሕግ ብቻውን ልጆቹን ማስተማር ያልቻለው ለምንድር ነው?
5. ጆርጅ ስሚዝ ያደረገው መልካም ነገር ምንድር ነው? ጉድለቱስ ምን ነበር?