ካላዛር፤ ወባ የሚመስለው ገዳይ

ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሌሊት ከግራር ሥር ይተኛል። በዋልካው መሬት ስንጥቅ ውላ ማታ የምትወጣው የአሸዋ ዝንብ ያን ጊዜ ትነክሰዋለች፤ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅም የላት። ተውሳኩ ወደ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ይገባል። ወራት ቆይቶ፣ ምናልባትም ሰውየው አገሩ ከገባ በኋላ፣ ትኩሳት ይነሣበታል፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። «ወባ ነው» ይባላል፤ ወባም ጣፊያን ያሳብጣልና ስሕተቱ አያስገርምም። በሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ብዙዎች የወባ መድኃኒት ሲወስዱ ቆዩ። ካልታከመ ከመቶ ሕመምተኞች ከ95 በላይ ይገድላል፤ ሕክምናው ግን ለአብዛኛው የ17 ቀን መርፌ ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሰው «የት ሠርተህ መጣህ?» ማለት ይቀድማል፤ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደምም በደቂቃዎች ይመረመራል።